ዶኛ ኢኔስ «ቀሪውስ?» ሲሉ

ጓደኛዬ ማሪሶል ቴክስት ያደረገችልኝ እናቴን ከሥራ ልወስድ ግሮቭ ሲቲ፣ የምትሠራበት መጋዘን በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው። አንድ መስመር ብቻ ናት። «ዶኛ ኢኔስ ዛሬ ጠዋት አረፉ።» እናቴ መጣች፣ በሩን ከፈተች፣ የምሳ ዕቃዋን እግሯ ሥር አስቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች። እስክትጨርስ ጠብቄ ነገርኳት።

«እማ፣ ዶኛ ኢኔስ አረፉ።»

«ኢና ሊላሂ!» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ቀሪውስ?»

«የምን ቀሪ?»

«ማን ነበር አጠገባቸው? ታመው ሰነበቱ ወይስ ድንገት ነው? ቁርስ በልተው ነበር? ዝም ብለሽ አረፉ ብቻ ትይኛለሽ እንዴ?»

መርዶ ላይ መሳቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አመለጠኝ። እናቴም ምን እንዳለች ገባትና በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው ትከሻዬን እየመታች ሳቀች። ጥያቄው የእሷ አልነበረማ። የሟቿ ነበር።

ዶኛ ኢኔስን ያወቅኳቸው በፈረንጆቹ 2020፣ መስከረም ላይ ነው። እዚህ ኮሎምበስ ሃይስኩል ሳለን ኮሌጅ ገብተን ክላስ መውሰድ ይፈቀድልናል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። «የጥቁሮችና የላቲኖዎች ጥናት» የሚለውን ክላስ የመረጥኩት ስለ ጥቁርና ስለ ላቲኖ ለማወቅ ጓጉቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ማክሰኞ ከሰዓት ቦታ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጊዜው የኮሮና ነውና ትምህርቱ በዙም ነበር። ስክሪኑ ሲከፈት ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ጠይም፣ ቀጫጫ ሴትዮ ብቅ አሉ። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ካፖርት ለብሰዋል። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው እርሳስ ይፈልጋሉ። ትውልዳቸው ፓናማ ነው፣ ካሪቢያን ባሕር ዳር። ኦሃዮ ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ካፖርቱን ግን እዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት በነሐሴም አያወልቁም። «ኦሃዮ እስካሁን አላሞቀችኝም» ነበር መልሳቸው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ጥቁር ነዎት ወይስ ላቲና?»

«አዎ» አሉት።

ልጁ ጠበቀ። እሳቸውም ጠበቁ። እኛም ትንንሽ ሣጥኖቻችን ውስጥ ሆነን ጠበቅን።

«አዎ» አሉ እንደገና። «የሴሚስተሩን ትምህርት ጨረስን። ከዚህ በኋላ ያለው ዝርዝር ነው።»

ፕሮፌሰር መባል አይወዱም ነበር። ዶኛ ኢኔስ በሉኝ አሉን። ለትልቅ ሴት በስፓኒሽ እንደዚያ ይባላል። ለእናቴ ስነግራት፣ «እትዬ ማለት ነዋ!» አለችና ከዚያች ቀን ጀምሮ «እትዬ ኢኔስ» አደረገቻቸው።

ኮሌጁ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መኪና ማቆሚያውን የሚያይ አንድ መስኮት ያለው ክፍል ነበራቸው። የድምፅ ክፍል ይባላል። ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ሙሉ የጫማ ካርቶን ነው፤ ካርቶኖቹ ውስጥ የዚህ ከተማ ሰዎች ድምፅ አለ። የድሮው በካሴት፣ ቀጥሎ ያለው በሲዲ፣ የአሁኑ በፍላሽ። ካርቶኖቹ ላይ የሰው ስም አይጻፍም፣ ሥራው ነው የሚጻፈው። «ኢስተን ሰፈር፣ ሆቴል አልጋ አንጣፊ።» «በረዶ ጠራጊ።» «የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጡረታ የወጣ።» ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቻቸው እየቀዱ ያመጡት ነው።

ድምፅ አቀዳድ ላይ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሰውን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ያን ቀን ጠዋት ምን በላህ?» ብላችሁ ነው። «ሰው ስለ ስሜቱ ስትጠይቁት ይዘጋጃል፤ ስለ ቁርሱ ስትጠይቁት ግን ለመዘጋጀት ጊዜ የለውም» ይሉናል። በዚያ ሰመር ፖሊስ ጥቁር ሰው ገደለ ተብሎ ዳውንታውን ሰልፍ ሲወጣ የሚታጠፍ ወንበራቸውን ይዘው ሄደው፣ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ የሚያልፈውን ሁሉ ቁርሱን ሲጠይቁ ውለዋል። «መፈክሩን ቴሌቪዥኑ ይቀዳዋል» አሉን። ከቀዱት አንዱን አሰሙን። አንዲት ልጅ ናት፤ ምንም አልበላሁም ትላለች። ለምን ሲሏት፣ እናቷ ሰልፍ እንዳትወጣ ቁርስ ሠርታ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀምጣ ስለነበር ነው። በመስኮት ነው የወጣችው። ስትወጣ እናቷ አይታታለች፤ አይታት ዝም አለቻት። ልጅቷ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆማል። ቀረጻው ላይ ብዙ ጊዜ ዝም ነው።

ሁለተኛው ሕግ እዚሁ ዝምታ ላይ ነው። ሰው ንግግሩን ሲያቆም እንዳትገቡበት። ዶኛ ኢኔስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው የሚያዳምጡት። ዝምታ ሲመጣ ሌባ ጣታቸው ቀስ ብላ ትነሣለች። ጣቷ እስካልወረደች ድረስ ማንም አይተነፍስም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ቀሪውስ?» የሚል። ይህን በየቤታችን ቋንቋ እንዴት እንደሚባል እያንዳንዳችንን ጠይቀው የድምፅ ክፍሉ በር ጀርባ ላይ ጽፈውታል። በስፓኒሽ አለ፣ በሶማሊኛ አለ፣ በሄይቲ ክሪዮል አለ። በአማርኛ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «ቀ» ግን እምቢ አለቻቸው። ጉሮሯቸውን ይዘው ሞክረው ሞክረው፣ «ከሪውስ» ላይ ተስማማን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሰው ቃለ መጠይቅ አድርጉ ሲሉን፣ እናቴን አደረግኩ። ቀላል መሰለኝ። እናቴ እሑድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩትና ጠየቅኳት። ከዚያ የድምፁን ፋይልና የጻፍኩትን አብሬ ላክሁ። የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ በወረርሽኙ ወቅት አስፈላጊ ሠራተኛ ነበረች። ብዙ ተግዳሮቶች ቢያጋጥሟትም በጽናት ተወጥታቸዋለች።»

ኮራሁበት። እውነቴን ነው፣ «ጽናት» የምትለዋን ቃል ሁለቴ አንብቤያታለሁ።

ዶኛ ኢኔስ ኮል አደረጉልኝ።

«ሐያት፣ ድምፁን ሰማሁት። አማርኛ አልችልም፤ ሰዓት ግን አነባለሁ። እናትሽ ሰባት ደቂቃ ተኩል ተናገሩ፣ አንቺ ሁለት መስመር ጻፍሽ። ከሪውስ?»

«ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም፣ ዶኛ። ዝም ብላ የሥራ ወሬ ነው ያወራችው።»

«አራተኛው ደቂቃ ላይ እናትሽ ሳቁ። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ቀጥሎ አንቺ ‹ኦኬ፣ ኦኬ እማ› ብለሽ ገባሽባቸው። ምን እያሉ ነበር?»

አላስታወስኩም። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አልሰማኋትም።

ይህ የቆየ አመሌ ነው። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ለእናቴ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ፤ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ አፓርትመንት ቢሮ። እናቴ ለሐኪሙ፣ «በግራ ጎኔ ነው የሚወጋኝ፣ ብርድ ሲሆን ይብሳል፣ እናቴንም እንዲሁ ያደርጋት ነበር፣ እሷም በዚሁ ነው የሄደችው» ስትል፣ እኔ «ጎኗን ያማታል» እላለሁ። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እቸኩላለሁ፣ ትንሽም አፍራለሁ። እናቴ አሥር ስትል ሦስት ማለት ለምዶብኝ ነበር። እዚህ ያደግን የሐበሻ ልጆች ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ እርስ በርስ ስናወራ እንስቅበታለን።

ይህንኑ ለዶኛ ኢኔስ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«አያቴ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ደሴት ነው ወደ ፓናማ የመጣችው» አሉኝ። «ስፓኒሽ አትችልም። የመንግሥት ቢሮ ደግሞ ከስፓኒሽ ውጭ አይሰማም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አስተርጓሚዋ ነበርኩ። ቆርጬ የጣልኩትን ዛሬ ልልቀም ብል አገር አይበቃውም። አያቴ ሞታለች፣ ልጠይቃት አልችልም። ያንቺ እናት ግን ኩሽና ውስጥ ናቸው። ሂጂ!»

ስልኩን ዘጉት።

ሦስተኛም ሕግ ነበራቸው፣ የዚያን ዕለት ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ገጽ ሰውየው በተናገረበት ቋንቋ ይጻፋል፤ እንግሊዝኛው ሁለተኛ ገጽ ነው። እኔ ደግሞ አማርኛ እናገራለሁ እንጂ አልጽፍም። በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ላክሁላቸው።

«ይህን እናትሽ ያነቡታል?» አሉኝ።

«አታነበውም።»

«እንግዲህ ለማን ነው?»

እናቴ ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ እጅ ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጣቴን እየያዘች አስጻፈችኝ። «ይቺን አንገቷን ቀና አድርጊያት፣ ምን አስደፋት?» «ይቺ እግሯ የት ሄደ?» እያለች ትስቃለች። በዚህ አገር ስኖር እናቴ እያስተማረችኝ እኔ ስማር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰባት ደቂቃ ተኩሉን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የቆረጥኩት ይህ ነበር፤

«ያን ቀን ምን በላሁ? ምን እበላለሁ፣ ረመዳን ነው እኮ። የማታውን ሺፍት ነበር የምሠራው። እኔ የምቆምበት ቦታ መስኮት የለም። ሰዓቴ ጓንት ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ አይቆምም፣ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። ከፊት ለፊቴ የምትቆም አንዲት ስፓኒሽ ሴት አለች። እሷ በቆመችበት በኩል የጭነት መኪናው በር ክፍት ነው፣ ሰማይ ይታያታል። አንድ ቀን በእጄ ፀሐይዋን፣ ከዚያ አፌን አሳየኋት። ገባት። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስትገባ የሣጥኑን ኮድ በምታነብበት ስካነሯ ጠረጴዛውን ሁለቴ ታንኳኳልኛለች። ቋ ቋ። ከኪሴ ተምር አወጣለሁ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ። እኔ ሳልጎርስ እሷ አትጎርስም። ከካርቶኖቹ ጀርባ ሄጄ ስሰግድ የእኔንም ሣጥን እሷ ትሠራዋለች። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ የት ሄደች ሲላት፣ ‹ባኞ!› ትለዋለች፤ ሽንት ቤት ማለት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ‹ባኞ›! ሰውየው ‹ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች› ሳይል አይቀርም።»

እናቴ የሳቀችው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

«ዒድ ሲሆን ሻሽ ገዝቼላት ሄድኩ። ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ሺፍት ቀይረዋት ይሁን አባረዋት፣ በምን ቋንቋ ልጠይቅ? ስሟንም አላውቀው። ሻሹ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«ኦኬ፣ ኦኬ እማ» ያልኩት ይህን ስትለኝ ነው።

የማንበቢያው ቀን ደረሰ። በዙም፣ ሁላችንም በየቤታችን። መጀመሪያ አማርኛውን አነበብኩ፤ ማንም አይሰማውም፣ ዶኛ ኢኔስ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጨርሰው አዳመጡት። ከዚያ እንግሊዝኛውን ቀጠልኩ። ማሪሶል የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሴሚስተሩን ሙሉ ካሜራዋን ከፍታ የማታውቅ፣ ስሟ ብቻ ጥቁር ሣጥን ላይ የምናየው። ሁለቴ ማንኳኳቱ ጋ ስደርስ ካሜራዋ ቦግ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ! ስንት ጊዜ ነው ያንኳኳችው?»

«ሁለቴ።»

«በምን?»

«በስካነሩ።»

«ግሮቭ ሲቲ?»

«አዎ፣ ግሮቭ ሲቲ።»

ማሪሶል ወደ ኋላዋ ዞራ «ማሚ!» ብላ ጮኸች። አንዲት ወፍራም፣ ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ሴት እጇን እያደራረቀች መጣች። ግሎሪያ ትባላለች። እኔም «እማ! እማ ነይ!» አልኩ። እናቴ መጥታ ስክሪኑን አየች። ግሎሪያን ያወቀቻት በማስክ ነው፤ ይህ ፊት አዲስ ነው። ሁለቱም ስክሪናቸው ላይ አፍጥጠው ቀሩ። እርግጠኛ አልነበሩም። እናቴ እጇን አወጣችና የኛን ጠረጴዛ ሁለቴ አንኳኳች። ቋ ቋ። ከዚያ በኩል፣ በትንሿ ድምፅ ማጉያ ውስጥ፣ ቋ ቋ ሲል ተመለሰ።

አንድ ልጅ ሊናገር አፉን ከፈተ። የዶኛ ኢኔስ ጣት ተነሥታ ነበር። እንደዚያን ቀን ረጅም ሰዓት ተነሥታ አታውቅም።

ማሪሶልም የራሷን ገጽ አዘጋጅታ ነበርና አነበበችልን። እናቷ የተናገረችው፣ ‹የማትበላ ሴትዮ ነበረች፣ እኔ ፀሐይ አይላት ነበር› የሚል ነበር። ሺፍቷን ወደ ጠዋት ቀይረውባት ነው የጠፋችው፤ ስትሰናበት የምትለው ቃል አጥታ።

እናቴና ዶኛ ኢኔስ በአካል የተገናኙት በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ፣ ክትባት ከተወጋን በኋላ ነው። ኮሌጁ ግቢ ወንበር ላይ ተቀምጠው እናቴ ከሩቅ አየቻቸውና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ሐያት! የኛ አገር ሰው ናቸው እኮ! ደብቀሽኝ ነው?»

«እማ፣ ፓናማ ናቸው አልኩሽ።»

«ባክሽ ተይኝ! ይቺን ግንባር እኔ አላውቃትም?» ብላ ቀጥ ብላ ሄደች። «እትዬ ኢኔስ፣ እንደምን ነዎት? ከወዴት ነዎት፣ ከሐረር ነዎት?»

ዶኛ ኢኔስ ተነሥተው፣ ሁለት እጇን ይዘው፣ በስፓኒሽ ረጅም ነገር መለሱላት። እናቴም በአማርኛ ቀጠለች። ላስተረጉም ስጠጋ ጣታቸው ወደ እኔ ተነሣች። ቆምኩ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ተነጋገሩ፤ ሳቁ፣ አንድ ጊዜ እናቴ ዓይኗን ጠረገች። ምን ተባባሉ? እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴን ስጠይቃት «የኛ ጉዳይ ነው» አለችኝ።

በ2021 መኸር ላይ ዜናው መጣ። ኮሌጁ የድምፅ ክፍሉን ዘግቶ የመመዝገቢያ ቢሮ ሊያደርገው ነው፤ ከመወሰኑ በፊት የሰው ሐሳብ የሚሰማበት ስብሰባ ጠርቷል። በዚያው ሰሞን ዶኛ ኢኔስ ታመው ከቤት መውጣት አቆሙ። ኮል ሳደርግላቸው ስለ ሕመማቸው አንዲት ቃል አይነግሩኝም። «ስብሰባው መቼ ነው? ስንት ሰው ይናገራል? ማን ተመዘገበ?» ብቻ ነው። አንድ ቀን እምቢ ብዬ፣ «እርስዎስ? ቀሪውስ?» አልኳቸው። ሳቁ። «የኔ ቀሪ እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው» አሉኝ። «እሱን ጠብቂልኝ።»

ይህን ካሉኝ በኋላ ለቀልድ ቦታ አልነበረኝም። እኔና ማሪሶል ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ደወልን።

ስብሰባው ላይ ለመናገር የተመዘገበ ሰው ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። እናቴ አልተመዘገበችም፤ ልታደርሰኝ ነው የመጣችው። ግሎሪያ ግን ለመናገር ተመዝግባለች፤ ከማሪሶል ጋር መጥታ እናቴ ለዒድ የገዛችላትን ያችን ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ዶኛ ኢኔስ በትልቁ ስክሪን ላይ ናቸው፤ አልጋ ላይ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ በጣም ከስተው። ሰብሳቢው ጨዋ ሰውዬ ነው። «ድምፆቹ እንደማይጠፉ ላረጋግጥላችሁ እወዳለሁ» አለ። «ግሮቭ ሲቲ ወደሚገኝ መጋዘን ተወስደው በጥሩ ሁኔታ ይቀመጣሉ።»

እናቴ «ግሮቭ ሲቲ» የምትለዋን ሰማች። «ግሮቭ ሲቲ ምን አለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ካርቶኖቹን መጋዘን ሊያስገቧቸው ነው።»

«መጋዘን?!» ብድግ አለች። «ተነሺ፣ አስተርጉሚ።»

«እማ፣ አልተመዘገብሽም!»

«ተነሺ ነው የምልሽ!»

ለመናገር የነበረኝን ሦስት ደቂቃ ለእሷ ሰጠሁ። እናቴ ማይኩን እንደ ስካነር ጨብጣዋለች።

«እኔ መጋዘን ነው የምሠራው» አለች። አስተረጎምኩ። «ሰባት ዓመቴ ነው። መጋዘን እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የገባ ዕቃ የሚወጣው የሚያዝዘው ሰው ሲኖር ነው። የማይታዘዝ ዕቃ እላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ አቧራ ይለብሳል፣ በመጨረሻ ማን እንዳስገባው ይረሳል፣ ይጣላል። እኔ በእጄ ጥዬዋለሁ። የኔ ድምፅ እዚያ ካርቶን ውስጥ አለ። የዚህች እኅቴም አለ። እዚያ መኖሩን ያላወቀ ሰው እንዴት ብሎ ያዝዘዋል? ያ ክፍል ክፍት ሲሆን ግን ልጆች ገብተው ያዩታል።»

እናቴ እዚህ ላይ ንግግሯን ገታ አደረገች። ሰብሳቢው «እናመሰግናለን…» ብሎ ሊገባ ሲል ስክሪኑ ላይ ጣት ተነሣች። ሰውዬው አየና አፉን ዘጋ። የማንን ጣት እንዳየ ያወቀ አይመስለኝም፤ ግን ሠራች።

ከዚያ እናቴ ወደ እኔ እያየች እንዲህ አለች። «ይቺ ልጄ ስምንት ዓመት ሙሉ ስታስተረጉምልኝ ቃሌን እየቆረጠች ስትጥል ኖራለች። አላውቅም ይመስላታል። ለሐኪሙ ረጅም ተናግሬ እሷ በአንድ ትንፋሽ ስትጨርስ፣ አማርኛ ቢያጥር እንግሊዝኛ ይህን ያህል ያጥራል እንዴ? ዝም ያልኳት ልጅ ናት፣ ደክሟታል ብዬ ነው። ሙሉውን መናገር ያስተማሯት እኚያ እዚያ የሚታዩት ሴትዮ ናቸው። እውነት መማሯን ደግሞ አሁን እናያለን፤ ይህንን ብትነግራችሁ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። መቶ ሰው ያየኛል፤ ‹መምህሬን አመሰገነች› ብል ማንም አያውቅብኝም። ጊዜ ጠባቂው ደወሉን ደወለ፤ ደቂቃዬ አልቋል። ማሪሶል ከመቀመጫዋ ተነሣች። «የኔ እናት ሦስት ደቂቃዋን ሰጥታታለች!»

ተናገርኩት። ስምንት ዓመቱን፣ ሐኪሙን፣ ደክሟታል ያለችውን፣ ሁሉንም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ከሳቃቸው ርዝመት ተነሥታ ሙሉውን እንደነገርኳቸው ገምታ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ክፍሉ ባለበት ይቆያል፤ መምህር ግን አይመደብለትም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ይከፍቱታል። ሙሉ ድል አይደለም። ለዶኛ ኢኔስ በስልክ አነበብኩላቸው፣ እስከ ፊርማው።

«እናትሽ የተናገሩትን በሙሉ አስተረጎምሽ?» አሉኝ።

«በሙሉ። ስለ እኔም ያለችውን።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አልገባሁባቸውም።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ካፖርቴን ላውልቅ።»

በየካቲት አረፉ። የመታሰቢያው ፕሮግራም የተደረገው እዚያው የድምፅ ክፍል ውስጥ ነው፤ ካፖርቱ ወንበራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እኅታቸው ከፓናማ መጥተው በስፓኒሽ ተናገሩ። እያለቀሱ፣ እየሳቁ፣ በእጃቸው መጥበሻ እያሳዩ፣ መርከብ እያሳዩ፣ ረጅም ተናገሩ። የምታስተረጉመው ማሪሶል ናት። በሩ ላይ ቆማለች፤ ከበሩ ጀርባ ያ የቋንቋ ዝርዝር ከትከሻዋ በላይ ይታያል። አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። ሴትየዋ ሲጨርሱ ማሪሶል ወደ እኛ ዞረች።

«እኅታቸውን በጣም ይወዷቸው እንደነበር ተናግረዋል» አለችና ዝም አለች።

ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከግሎሪያ አጠገብ፣ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በአማርኛ፣

«ቀሪውስ?»

ማሪሶል አማርኛ አትሰማም። ይቺን ቃል ግን ታውቃታለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ወደ ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፣ ከዚያ ቀና ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ኢኔስ ከቤት በወጣችበት ቀን ጠዋት» አለች፣ «የበላነው የተጠበሰ ሙዝ ነበር…»